ከወፍራሙ ጫፍ

አልጋዬ ሥር አለ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ፣
የዱቄት ወተቱን ጠረን ያልረሳ።
ክዳኑ ጎባጣ፣
ቂጡ ዝገት ያወጣ።
ወተቱን ማስተዋል ልጄ ጠጥታ ጨረሰች፣
እኔ ባዶውን አነሣሁ፣
እናቷ «ጣለው» አለች።
አልጣልኩትም።

ውስጡ ናይለን አለ፤
አሮጌ የዓሣ ክር፣
ጫፍ ጫፉ የተበላ፣ መሐሉ ገና የሚከበር፤
በአራት ጣቴ ላይ ዞሮ፣ በገዛ ጅራቱ የታሰረ፣
አንዱ ባንዱ እንዳይገባ
በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ለየብቻው የታጠረ።

ወረቀቱ ላይ በእርሳስ፦
«ጥቅምት። ሁለቴ ተቆርጧል።»
«ግድቡ አፍ። አምባዛ ጎትቶታል፤ እንዳታምነው።»
«ደህና ነው፤ ለቆሮሶ ብቻ።»
ትርንጎ እያነበበች ትስቃለች፦
«የሐኪም ቤት ካርድ አስመሰልከው፤
የኔን ደም ግፊት እንኳ እንዲህ አልጻፍክም» ትላለች።

ሾፌር ነበርኩ፣ ለአንድ መሐንዲስ፣ አቃቂ፣ ፋብሪካ።
ቅዳሜ ከሰዓት አባ ሳሙኤል ወርዶ፣ ውሃው ዳር ቆሞ
ጅራፍ የሚያጮህ መስሎኝ ነበር፤ ለካ
ዝንብ ነው የሚወረውር፣
ከቀይ ዶሮ ላባ የተሠራ ዝንብ፣ በቀጭን የናይለን ክር።
ሲሄድ ዘንጉን ተወልኝ።
ናይለኑን ፍለጋ መርካቶን ዞርኩ፤ ክርስ ሞልቶ ነበረ፤
ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ የሚወርድ ግን
ማንም ነጋዴ አላስቀረ።

እንደ አይጥ ጅራት ነው፤
ዘንጉ ዘንድ ወፍራም፣
ዝንቡ ዘንድ ዓይን የማያየው፣ የሰውም የዓሣም።
ዝንብ በቀየርክ ቁጥር ጣት የሚያህል ትቆርጣለህ፤
ቀጭኑ ቀድሞ ያልቃል፣
ክርህ ባጠረ መጠን ወፍሮ ታገኘዋለህ።
(እኔም ይኸው፦
መጀመሪያ የሄደው ትዕግሥቴ ነው፣ ቀጥሎ ዓይኔ፤
አሁን የቀረው ወፍራሙ፣ ግትሩ ጎኔ።)

ናይለን አይረሳም።
ክረምቱን ጣሳ ውስጥ ከርሞ
መስከረም ሲጠባ ስትፈታው ክብ ነው፣ ጣሳውን ተሸክሞ።
ብትስበው ይመለሳል ወደዚያው ወደ ጥቅልሉ፤
ሰውም እንደዚያው ነው፤ ያደረበት ነው አመሉ።
ለብ ያለ ውሃ ነው መድኃኒቱ፣
ከዚያ በከመነዳሪ ቁራጭ ይዞ ቀስ እያሉ መጎተቱ፣
ጣት እስኪሞቅ፣ ክሩ እስኪቃና።
ከነጣ፣ እንደ ዓይን ሞራ ከደፈረሰ፣
ተወው፤ አይሆንም ደህና።
ነፋስ የቋጠረው ቋጠሮም ካለ፣ ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው፤
ትልቁ ዓሣ የመጣ ቀን እዚያው ላይ ነው የምታጣው።

ለውሃ የማይሆነውም ሥራ አያጣም።
የማስተዋልን ጫማ ሰፍቼበታለሁ፣
የጎረቤቴን የኦብሴን ቲማቲም አቁሜበታለሁ፣
የትርንጎ ጨሌ ተበጥሶ በተበተነ ጊዜ
ማታ በኩራዝ ለቅሜ ሰካሁት፤
አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

ያለፈው ኅዳር ግን፣
እምቦጩ ካለበሰው ዳር
አንድ ሽመላ አየሁ፣ ባንድ እግሩ ሲያነክስ።
ከኦብሴ ልጅ ከቶሌራ ጋር
በደረታችን ተሳብን፣ እስክንደርስ።
ጃኬቴን ጣልኩበት።
ቁርጭምጭሚቱን ናይለን ሰርስሮ፣ ሥጋው አብጦበት፣
እኔ ጭንቅላቱን ስይዝ ልጁ በምላጭ ቆረጠለት።

ቁራጩን መዳፌ ላይ አየሁት።
አምስት ዙር፣ ጫፉ በገዛ ቀለበቱ የተመለሰ፣
ትርፉ በጥርስ የተነከሰ።
ይህን ቋጠሮ በዚህ ውሃ ዳር የሚቋጥር
ከኔ በቀር ሰው የለም።
ሽመላው በረረ፤ ዞሮም አላየኝም።
ቶሌራ «የማነው ክሩ?» አለኝ።
ምላጩን ተቀበልኩት፤ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ያንንም ጠቀለልኩት፣ ስንዝር የማይሞላውን።
ጣሳውን ከአልጋ ሥር ሳብኩ፣ ወረቀት ቀደድኩ፣
«ኅዳር። የኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ።
ትርንጎ አነበበች።
በዚህኛው አልሳቀችም፤
ክዳኑን እሷው ገጠመች።